ከጎረቤት የመጣ ግንጣይና ዘር ለምን እምቢ ይላል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። ግቢዬ ጠባብ ቢሆንም አትክልት እወዳለሁ። ቡና ላይ ስንገናኝ ከጎረቤቶቼ ጋር ዘርና ግንጣይ እንሰጣጣለን። እኔን ግን የተሰጠኝ ሁሉ እምቢ ይለኛል። ጤና አዳም ከሦስት ሰው ገንጥዬ ወስጄ ሦስቱም ደረቁ። የተከልኩት በሐምሌ ነው፤ ውሃ አልጎደለባቸውም። ከገዛሁት ቲማቲም ዘር አስቀርቼ ስዘራ የወጣው እናቱን አይመስልም፤ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ሞላላ፣ አንዱ ጨርሶ ፍሬ የማይዝ። ባለፈው ዓመት ደግሞ አንዷ ጎረቤቴ ለዘር የሚሆን የበቀለ ድንች ሰጠችኝ። እሱ ጠውልጎ ሞተ። ቀጥሎ እዚያው መደብ ላይ የተከልኩት ቲማቲምም ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ጠወለገ። አሁን እኅቴ ከአሜሪካ ዘር ልትልክልኝ ነው። እናቴ ‹የአንቺ እጅ አያጸድቅም› ትለኛለች። መለዋወጡን ልተወው?»

ምላሽ፦ አይተዉት። እጅዎም ምንም አላደረገም። የደረሱብዎ ነገሮች የተለያዩ ናቸው፤ ምክንያታቸውም አይገናኝም። ጤና አዳሙን የገደለው አተካከሉ ነው። ቲማቲሙ የተለወጠው በዘሩ ምክንያት ነው። ድንቹ ግን በሽታ ይዞ ሳይመጣ አይቀርም። የከፋውም እሱ ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ።

ድንችና ቲማቲም ቅጠላቸው ሳይቢጫ በአረንጓዴነቱ ከጠወለገ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የባክቴሪያ አጠውልግ ነው። ተክሉ ውሃ የጠማው ይመስላል። ቀን ይጠወልጋል፣ ማታ ቀና ይላል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን አይነሳም። ውሃ ቢያጠጡት አይሻለውም። ባክቴሪያው በግንዱ ውስጥ ውሃ የሚተላለፍባቸውን ቱቦዎች ስለሚዘጋ ያጠጡት ውሃ ወደ ላይ አይደርስም።

ለማረጋገጥ ላቦራቶሪ አያስፈልግዎትም። ከጠወለገው ተክል ላይ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብለው ግንዱን በምላጭ ይቁረጡና ጣት የሚያህል ቁራጭ ያውጡ። ንጹሕ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ የታችኛው ጫፉ ብቻ ውሃውን እንዲነካ አድርገው በክር ያንጠልጥሉት። ብርጭቆውን አያነቃንቁት። በሽታው ካለ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከተቆረጠው ጫፍ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር እንደ ጢስ እየተጥመለመለ ወደ ታች ይወርዳል። አንዴ ያየ ሰው ከሌላ ነገር ጋር አያምታታውም። ክሩ ካልወረደ ተክሉን ከነሥሩ ይንቀሉትና ሥሩን ይመልከቱ። ቋጠሮ ቋጠሮ ያለው እብጠት ካለ ኔማቶድ የሚባለው በዓይን የማይታይ የአፈር ትል ነው። ሁለቱም ካልሆነ ናሙናውን ትኩስ እንዳለ በፌስታል ጠቅልለው ለወረዳዎ የግብርና ባለሙያ ያሳዩ።

ጎረቤትዎን አይቀየሟት። አውቃ የታመመ ድንች አልሰጠችዎትም፤ እሷም ላታውቅ ትችላለች። ይህ ባክቴሪያ ብርድ ላይ ራሱን ይደብቃል። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንደ ደባርቅ ያለው ደጋ ደግሞ ከ2,800 ሜትር ይጠጋል። ከፍ ባለው ቀዝቃዛ ቦታ የበቀለ ድንች በሽታውን በውስጡ ይዞ ቅጠሉም ፍሬውም ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ሞቅ ወዳለ ግቢ ወርዶ ሲተከል ግን የተደበቀው ይወጣል። ስለዚህ «ድንቹ ሲሰጠኝ ደህና ነበር» ማለት ማስረጃ አይሆንም። ቆርጠው ሲያዩት ከልጣጩ ስር ቡናማ ቀለበት ካለው ወይም ሲጨምቁት ነጭ ፈሳሽ ካንቆረዘዘ በእርግጥ የታመመ ነው። ቀለበቱ ስለሌለ ብቻ ግን ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም።

ቲማቲሙ ለምን ተከተለው? ድንች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ደበርጃን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ስለሆኑ ነው። የአንዱ በሽታ ሌላውን ያገኘዋል። ድንቹ ሲሞት ባክቴሪያው አብሮት አልሞተም፤ አፈሩ ውስጥ ቀርቷል። ሳይነቀሉ የቀሩ ትንንሽ ድንቾችና አረሞች እየመገቡት ለዓመታት ይቆያል።

መድኃኒት ይሸጡልኛል ብለው አይሩጡ። ይህን በሽታ ከአፈር የሚያጸዳ፣ አንድ ሰው ጓሮው ውስጥ ሊረጨው የሚችል ኬሚካል የለም። ማድረግ የሚችሉት ይህ ነው። የጠወለገውን ሁሉ ከነሥሩ ነቅለው ያቃጥሉ። ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ አይጣሉት። በዚያ መደብ ላይ ቢያንስ ለሦስት ዓመት በቆሎ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሽንኩርት ይትከሉ፤ ከአራቱ ዘመዳሞች አንዱንም አይትከሉበት። ሳይታሰብ የሚበቅል ድንች ካዩ ወዲያው ይንቀሉ። መቆፈሪያዎን በሠሩ ቁጥር ጭቃውን አጥበው በበረኪና ውሃ ይንከሩት፤ 1 ስኒ በረኪና ለ9 ስኒ ውሃ ይበቃል። የጎርፉን መንገድም ያስተካክሉ። ጎንደር ተዳፋት ናት። ከእርስዎ መደብ ላይ የሚወርደው የሐምሌ ጎርፍ ቀጥታ የሚገባው ከታች ያለው ጎረቤትዎ ግቢ ነው። ከዚያ መደብ ላይ ደግሞ ለማንም ሰው ምንም ነገር ከነአፈሩ አይስጡ። ይህን አጥብቄ እለምናለሁ። ሰው ችግኝ ሲሰጥ ሥሩ እንዳይጎዳ ብሎ አንድ እፍኝ አፈር ጨምሮ ይሰጣል። ደግነት ነው። ነገር ግን በጓሮዎች መካከል በሽታ በብዛት የሚሄደው በዚያች እፍኝ አፈር ነው።

አሁን ወደ ጤና አዳሙ። «ውሃ አልጎደለባቸውም» ብለዋል። የገደላቸው እሱ ነው። ጤና አዳም ደረቅ፣ ድንጋያማ፣ ውሃ የሚያሳልፍ መሬት የሚወድ ተክል ነው። ሥር ያላወጣ ግንጣይ ደግሞ አፉ ክፍት እንደሆነ ቁስል ነው። በሐምሌ፣ ዝናቡ በየቀኑ ሲወርድ፣ ያውም ውሃ በሚቋጥር ዋልካ አፈር ላይ ቢሰኩት ቁስሉ ይበሰብሳል። ከላይ ሲታይ የደረቀ ይመስላል፤ ሥሩ ጋ ቢያዩት ግን ጠቁሮና ላሽቆ ያገኙታል። ሦስት ሰው ሦስት ጊዜ የሰጠዎት ሦስቱም ጊዜ በአንድ ስሕተት ስለተተከለ ውጤቱ አንድ ሆነ።

ለእኛ ከተማ የምመርጠው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ነው። ዝናቡ ይቀንሳል፣ አየሩ ግን ገና እርጥበት አለው፣ የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ሩቅ ነው። የሚገነጥሉት ግንድ ለስላሳ ጫፍም ያረጀ እንጨትም አይሁን። ጎንበስ ሲያደርጉት ትንሽ ተለምጦ ከዚያ ቀጭ የሚለው ነው ጥሩው። አበባ የያዘውን ይተዉት፤ ጉልበቱ ሁሉ ወደ አበባው ስለሄደ ሥር ለማውጣት አቅም የለውም። ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ ይቁረጡ። ርዝመቱ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የሚቆረጠው ከአንጓው ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፤ ሥር የሚወጣው ከአንጓው አካባቢ ነውና። በእጅ ከመገንጠል በምላጭ መቁረጥ ይሻላል። ምላጩንም ከአንዱ ሰው ተክል ወደ ሌላው ሲሄዱ በአልኮል ወይም በበረኪና ውሃ ይጥረጉት።

የታችኛውን ግማሽ ቅጠል ያራግፉ። ቶሎ የማይተክሉት ከሆነ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልለው ፌስታል ውስጥ ያድርጉት። የሚተከልበት ዕቃ ሥሩ የተበሳ ቆርቆሮ ወይም የተቆረጠ ጀሪካን ይሁን። ግማሽ የወንዝ አሸዋ፣ ግማሽ ላላ ያለ አፈር ይቀላቅሉ። ፍግ አይጨምሩ፤ ፍግ የሚያስፈልገው ሥር ካወጣ በኋላ ነው። የውሃ ፕላስቲክ ለሁለት ቆርጠው የላይኛውን ክፍል እንደ ቆብ ያልብሱት፤ ክዳኑን ግን ያንሱለት፣ ይተንፍስ። ጥላ ስር ያስቀምጡት። ውሃ የሚያጠጡት አሸዋውን በጣት ነክተው ደረቅ ሲልዎት ብቻ ነው። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይጠብቁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ግንጣዩ አዲስ ቅጠል ስላወጣ ጸድቋል ብለው ወደ መደብ አያዙሩት። ግንዱ በውስጡ ባጠራቀመው ምግብ ቅጠል ሊያወጣ ይችላል፤ ሥር ላይኖረው ይችላል። እየነቀሉ ማየትም አይበጅም፤ ገና የበቀለው ሥር ክር ስለሆነ ይበጠሳል። ቀስ አድርገው በሁለት ጣት ሳብ ሲያደርጉት ከያዘ ያኔ ሥር አለው። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ማቆየትም ለናናና ለበሶብላ ይሠራል። ለጤና አዳም ግን አልመክርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ የቋጠረ ቁስል ሊያወጣ ይችላል። ቡና ላይ ጣል የምናደርጋት ቅጠል አታሳስብም። ብዙ ሲቆርጡና ሲያራግፉ ግን ጓንት ያድርጉ ወይም ወዲያው እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ልጆችም ከሥራው ገለል ይበሉ።

ደማከሴ፣ ኮሰረት፣ የጥብስ ቅጠልና ጽጌረዳም በዚሁ መንገድ ይበቅላሉ። ደማከሴና ኮሰረት ከጤና አዳም ይልቅ ስለሚቀሉ ሞራልዎ ከወደቀ ከእነሱ ቢጀምሩ ጥሩ ነው። አሪቲን ከሥሩ መክፈል ይቀላል። ጌሾ ግን በግንጣይ ጊዜዎን አያባክኑ። የበሰለውን ፍሬ ሥጋ አጥበው አውጥተው በዘር ያፍሉት።

ቲማቲሙ ላይ የደረሰው ነገር በሽታ አይደለም። የገዙት ቲማቲም ከተዳቀለ ዘር የበቀለ ይመስለኛል። ሁለት የተለያዩ ወላጆች ተዳቅለው የተገኘ ዘር በመጀመሪያው ትውልድ አንድ ዓይነት፣ ጠንካራና ብዙ ፍሬ የሚይዝ ይሆናል። የእሱ ፍሬ ተዘርቶ የሚመጣው ሁለተኛው ትውልድ ግን ይበታተናል። አንዱ አያቱን፣ አንዱ ቅድመ አያቱን ይመስላል፤ እርስዎ ያዩት እሱን ነው። ፓኬቱ ላይ «ኤፍ 1» ወይም «ሃይብሪድ» የሚል ካለ ከዚያ የተገኘ ዘር አይለዋወጡ፤ የተቀበለው ሰው ያዝናል። እንደ ሮማ ቪኤፍ ያለ ቲማቲም፣ እንደ ማረቆ ፋና ያለ በርበሬ ግን የተዳቀለ አይደለም፤ ዘሩ ልክ እንደ እናቱ ይመጣል። ገበያ ላይ ዝም ብለው የገዙት ፍሬ የየትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ዘር የሚያዘው ስሙ ከሚታወቅ ተክል ነው።

ንጹሕ ዝርያም ቢሆን ጎረቤቱ ይወስነዋል። ቲማቲም በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ሁለት ዓይነት ጎን ለጎን ቢተከሉ ብዙም አይደባለቁም። ለጀማሪ ዘር ያዥ ከቲማቲም የተሻለ የለም። ቃሪያን ግን ንብ ታደባልቀዋለች። ሚጥሚጣ አጠገብ የበቀለ ቃሪያ በዚያው ዓመት ይፋጃል የሚለው ብዙ ሰው የሚያምነው ስሕተት ነው። ፍሬው የእናቱ ነው። የሚለወጠው በውስጡ ያለው ዘር ነው፤ የሚፋጀው በሚቀጥለው ዓመት ሲዘሩት ነው። ዘር ሊይዙበት ያሰቡትን ቅርንጫፍ አበባው ከመፈንዳቱ በፊት በስስ ነጠላ ቁራጭ አሥረው ፍሬ ሲይዝ ቢፈቱለት ንብ አትደርስበትም። የትኛው ፍሬ እንደሆነ እንዳይጠፋዎት ባለቀለም ክር ይሰሩበት።

ዱባም እንዲሁ በንብ ይደባለቃል። «ቅሉ አጠገብ ተተክሎ ዱባው መረረ» ሲባል እሰማለሁ። አይሆንም። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ነው እንደሚባለው በሥነ ሕይወትም ለየቅል ናቸው፤ አይዳቀሉም። ከቅርብ ዘመዱ፣ ለምሳሌ ለጌጥ ከሚተከል ትንሽ ዱባ ጋር ሲዳቀል ግን ከዚያ ዘር የሚወጣው ፍሬ አንዳንዴ የሚመር ይሆናል። ይህ ምሬት መርዝ ነው፤ በመቀቀል አይጠፋም። ዱባ ወይም ዝኩኒ ቀምሰው ከመረረ ይትፉት፣ ወጡንም ይድፉት፣ ዘሩንም ለማንም አይስጡ።

የሐበሻ ጎመን ዘር ብዙ ቤት አለ፤ ብዙ ቤት ግን የሚያዘው በተሳሳተ መንገድ ነው። ቶሎ ያበበውን ተክል «ይህማ ለዘር ይሁን» ብለው ይተዉታል። ከዓመት ዓመት እንዲህ ካደረጉ ቅጠል ሳይሰጥ የሚያብብ ጎመን እየመረጡ ነው ማለት ነው። የሚመረጠው ብዙ ቅጠል ተበልቶለት መጨረሻ ላይ ያበበው ነው። ከአንድ እግር ብቻም አይያዝ፤ ከአምስት ከስድስት ጠንካራ እግር ተደባልቆ ቢያዝ ዘሩ አይዳከምም። ይህን ዘር እኔ እንደ ቅርስ ነው የማየው። የሐበሻ ጎመን ከሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን መዳቀል የተገኘ፣ የእኛው አገር ተክል ነው። በከተማ ጓሮዎች ከጠፋ በፓኬት ገዝተን የምንመልሰው አይደለም።

የቲማቲም ዘር ሲያወጡ ፍሬው በደንብ ይብሰል። ዘሩን ከነልጋጉ በትንሽ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ለ2 ወይም ለ3 ቀን ያቆዩት። ይሸታል፣ ከላዩ ሻጋታ ይይዛል፤ አይደንግጡ። ልጋጉን የሚያሟሟው ይህ መብላላት ነው። ከዚያ የሚንሳፈፈውን ደፍተው የሰጠመውን አጥበው ሰሐን ላይ ያስጡት። ወረቀት ላይ ከተሰጣ ይጣበቃል። ማንኛውም የአትክልት ዘር ጥላ ላይ እንጂ የቀትር ፀሐይ ላይ አይሰጣ። በደንብ ከደረቀ በኋላ ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ ውስጥ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ያስቀምጡ። የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። እናቶቻችን ዘርን ከአመድ ጋር ቅል ውስጥ ከምድጃ በላይ ሲያንጠለጥሉ ይህንኑ እየሠሩ ነበር። ቡና፣ አቮካዶና ማንጎ ግን ተቃራኒ ናቸው። ዘራቸው ከደረቀ ይሞታል። ለሰው የሚሰጡት ትኩስ እንዳለ ነው፣ የሚተከሉትም ቶሎ ነው።

የማይለዋወጡት የትኛውን ነው? ድንችን አይተዋል። ሁለተኛው ነጭ ሽንኩርት ነው። ይህ በራሴ ደርሷል። ከዓመታት በፊት ከአንድ ወዳጄ የተቀበልኩትን ጥሩ የሚመስል ነጭ ሽንኩርት ሰነጣጥቄ ተከልኩ። ሥሩ ነጭ ሻጋታ ለብሶ፣ በላዩ ከጤፍ ያነሱ ጥቁር ቅንጣቶች ተነስንሰውበት በሰበሰ። እነዚያ ቅንጣቶች አፈር ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ። ያን መደብ ለሽንኩርት ወገን ዳግመኛ አልተጠቀምኩበትም። በጣም የቆጨኝ መሬቴ ጠባብ ስለነበር ነው፤ የእርስዎም እንደዚያው ነው ብለዋል። ሦስተኛው ሎሚና ብርቱካን ነው። ቅጠሉን ዥጉርጉር የሚያደርገው፣ ፍሬውን የሚያሳንሰውና የሚያጣምመው በሽታ የአንዱ ዛፍ ቅርንጫፍ ከሌላው ግንድ ጋር ሲጣበቅም፣ በትንንሽ ነፍሳትም ይተላለፋል፤ የያዘው ዛፍ አይድንም። የማንጎ ችግኝም ቢሆን ከማይታወቅ ቦታ አይምጣ። ነጩ የማንጎ ስኬል የሚባለው ተባይ አገራችን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው በ2010 እ.ኤ.አ. ምሥራቅ ወለጋ ነው። ከዚያ ወዲህ ከፍሬና ከችግኝ ጋር ብዙ ቦታ ደርሷል። እነዚህን አራቱን ከታወቀ ችግኝ ጣቢያ ወይም ዘር አባዢ ይግዙ። ብሩ አይቆጭም።

የእኅትዎን ዘር በሚመለከት መልሴ አይቀበሉ ነው። ከውጭ የሚገባ ዘር የመግቢያ ፈቃድና ከላኪው አገር የዕፅዋት ጤንነት ሰርተፍኬት ይጠየቅበታል። በሻንጣ ተደብቆ የመጣ ዘር ይህን ሁሉ ዘሏል። እዚሁ ጣና ላይ ያለውን እንቦጭ ያስታውሱ። የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። በዓለም ላይ የተሰራጨው አበባው ስለሚያምር ሰው ይዞት ስለዞረ ነው። ጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. ከታየ ወዲህ የደምቢያ ዓሣ አጥማጅና ገበሬ ምን እንዳየ እርስዎም ያውቃሉ። ደግሞም ከዚያ የሚመጣው ሁሉ እዚህ አይሆንም። የሰሜን አሜሪካ ቀይ ሽንኩርት ብዙው ኮረት የሚያወጣው ቀኑ 14 ሰዓት ሲረዝም ነው። የጎንደር ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት አይሞላም። ቢዘሩት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። እኅትዎ መርዳት ከፈለጉ ጥሩ የመቁረጫ መቀስ ይላኩ። እርስዎም ከዚህ የሐበሻ ጎመን ወይም ሌላ አገር በቀል ዘር ልላክላት ቢሉ ያለ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ከአገር ማውጣት አይቻልም።

ከዚህ በኋላ እንዲህ ይለዋወጡ። ደረቅ ዘር በነፃነት ይስጡ፣ ይቀበሉ። በዘር የሚተላለፍ በሽታ ቢኖርም ከጤነኛ፣ ነጠብጣብ ከሌለው ፍሬ ከተያዘ አደጋው ትንሽ ነው። ፖስታው ላይ የተክሉን ስም፣ የተያዘበትን ወርና ዓመት፣ የሰጪውን ሰው ስም ይጻፉ። ዓመቱ ካልታወቀ 20 ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ ሶፍት ጠቅልለው ሞቅ ያለ ቦታ ያስቀምጡ። በ10 ቀን ውስጥ ከ10 በታች ከበቀለ ይጣሉት፣ ወይም እጥፍ አድርገው ይዝሩት። የቀይ ሽንኩርት ዘር ከዓመት በላይ አይመኑ። የቲማቲምና የጎመን ዘር በደንብ ከተያዘ 4 ዓመት ይሄዳል።

ግንጣይ ሲቀበሉ ሥርና አፈር ሳይኖረው ይቀበሉ። ቅጠሉን ገልብጠው ያዩታል፤ ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብ ወይም ጥጥ የመሰለ ነገር ካለው እዚያው ይመልሱት። ቤት ሲደርስ ከሌሎቹ ተክሎች ራቅ ብሎ በቆርቆሮው ውስጥ አንድ ወር ይቆይ። ለብቻው አንድ ወር የቆየ ተክል የደበቀውን ብዙውን ጊዜ ያሳያል። ይህን ወር አይዝለሉት። የሚሰጡትም እንደዚሁ የእርስዎን ቆርቆሮ ካለፈው ብቻ ይሁን።

ሰጪዋን ጎረቤትዎንም ዝም አይበሏት። የብርጭቆውን ሙከራ አድርገው ክሩ ከወረደ እሷ ቤት ይሂዱና አብራችሁ የእሷን መደብ ፈትሹ። ከዚያው ክምር ድንች የሰጠቻቸው ሌሎች ሰዎች ካሉም ሳይተክሉት ይስሙ። የተረፈውን ቀቅሎ መብላት ይቻላል፤ ሰውን አይጎዳም። ልጣጩን ግን መደብ ላይ አትጣሉት።